የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ የጂኦሎጂ ካርታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ትልቅ የጂኦሎጂ ካርታ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወሬው እሱ ላይ ነው። «ይሄ የምን ጨርቅ ነው?» ያለኝም አለ። ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ፤ አሁን የምበላው ግን በሌላ ሥራ ነው፣ ካርታው የቀረልኝ ትዝታ ነው። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ስለማይለወጡ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

አረንጓዴው ጫካ ነው?

አይደለም። ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ሁሌም። ትምህርት ቤት ያየነው ካርታ ላይ አረንጓዴ ቆላ፣ ቡናማ ደጋ ነበርና ሰው አይፈረድበትም። የጂኦሎጂ ካርታ ሌላ ነገር ነው። አፈሩን፣ ሣሩን፣ ቤቱን፣ አስፋልቱን በሐሳብ ገፋችሁ ከሥር ያለውን አለት ስታዩት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ዓይነት አለት ነው፣ በአንድ ዘመን የተፈጠረ። ቀለሙ ራሱ ግን ቋሚ ትርጉም የለውም ብላችሁ ያዙ፤ አንዱ ካርታ ላይ ሐምራዊ የሆነው ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ) ሌላው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ዓይናችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ካርታው ሳይሆን ዳር ላይ ወዳለው መፍቻ፣ እያንዳንዱን ቀለም በሣጥን በሣጥን ወደሚያስረዳው ዝርዝር ነው።

መፍቻው ሲነበብ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ከላይ ያለው ሣጥን ልጅየው ነው፣ ከታች ያለው አያትየው። አለት የሚደረደረው እንደ እንጀራ ነው፤ መሶቡ ሥር ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። አንዳንዴ መሬት ተሰብሮ ድርድሩን ያዛባዋል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ሣጥኖቹ ላይ ያሉት ፊደሎችስ? ጣርማበር ሸዋ አይደል እንዴ፣ እዚህ ምን ይሠራል?

ፊደሎቹ በላቲን የተጻፉ አጭር ስሞች ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ፊደል ዘመኑን ይናገራል። ለምሳሌ «ኪው» ካያችሁ ኳተርናሪ ነው፣ ካለፉት 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ማለት ነው፤ በጂኦሎጂ ቋንቋ ትናንትና። ቀጥሎ የሚመጣው ትንሽ ፊደል የአለቱን ዓይነት ወይም ስሙን ያሳጥራል።

ስሞቹን በተመለከተ፣ አለት መጀመሪያ በደንብ በተገለጸበት ቦታ ስም ይጠራል። አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄ፣ ጣርማበር የሚሉት ሁሉ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ተመሳሳይ ድንጋይ ጎጃም ሲገኝ ስሙን ይዞ ይመጣል። አሸንጌ የሚለው ስም ታሪክ ደስ ይለኛል። ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት በፈረንጆች 1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ወጣ። ጦሩ አፄ ቴዎድሮስን ሲያስብ እሱ መንገዱን ሙሉ ድንጋይ ሲያይ ነበር። የታችኛውን የባዛልት ድርድር በሐሸንጌ ሐይቅ ስም ጠራው፣ የላይኛውን መቅደላ አለው። እኛ ከዚያ ዘመቻ የምናስታውሰው ሽጉጡን ነው። ካርታው ላይ የቀረው ግን የሐይቁ ስም ነው።

ካርታው ካለኝ ማብራሪያ መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል?

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄንን ነው።

ደህና የሆነ የጂኦሎጂ ካርታ ብቻውን አይወጣም። አብሮት ማብራሪያ ጽሑፍ አለ፤ አንዳንዴ ቀጭን፣ አንዳንዴ ወፍራም፣ ሽፋኑ አሰልቺ። ካርታው ያማረ ስለሆነ ይሰቀላል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ሥር ይገባል። በእኔ እምነት ካርታው ያለ መጽሐፉ ግማሽ ነው። ካርታው «እዚህ ባዛልት አለ» ይላችኋል። መጽሐፉ ግን ምን ዓይነት ባዛልት፣ ምን ያህል ውፍረት ያለው፣ ትኩስ ነው ወይስ የበሰበሰ፣ ከሥሩና ከላዩ ምን እንዳለ፣ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ይነግራችኋል።

አንድ ቀን አጥር ላሠራ ግንበኛ መጣ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቆሜ «ይሄ ኳተርናሪ ባዛልት ነው» አልኩት፣ መቼም ጉራ ነው። እሱ አንዱን አንስቶ በመዶሻ መታ አደረገው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን መታው፣ ድምፁ ቡፍ አለ። «ኢንጂነር፣ ይሄ ይጮሃል፣ ይሄ አይጮህም። ያኛው ደግሞ ዓይን አለው፣ ቀላል ነው» አለኝ። ሦስቱም ካርታው ላይ አንድ ቀለም ናቸው። ማብራሪያ መጽሐፉን ከፍቼ ሳነብ ግን ያው የግንበኛው ነገር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ አየር የበዛበት፣ የበሰበሰ እያለ ለያይቶታል። ዓይን የሚባለው እንደ እንጀራ ዓይን ያለ ቀዳዳ ነው፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የወጣበት። ሐይቁ ዳር ጫማችሁን አውልቃችሁ የምትቀመጡበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈልጉት፣ አታጡትም።

መጽሐፉን ስትከፍቱ መጀመሪያ አሠራሩን የሚያወራውን ምዕራፍ አንብቡ። ቡድኑ በየትኛው መንገድ እንደሄደ፣ የቱን በእግሩ እንደረገጠ፣ የቱን በአየር ፎቶ ብቻ እንደሞላ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፏል። መኪና የማይገባበት ገደል ላይ ያለ መስመርና አስፋልት ዳር ያለ መስመር እኩል አይታመኑም፣ ወረቀቱ ላይ ግን እኩል ይደምቃሉ።

ስንት ዓይነት ካርታ አለ? የቱን ልፈልግ?

መስፈርቱን፣ ብዙዎቻችን እስኬል የምንለውን፣ አይታችሁ ነው የምትመርጡት።

መላ አገሪቱን የያዘው 1:2,000,000 ነው። በ1973 ወጥቶ በ1996 እንደገና ተሠርቷል፣ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። በሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣና ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ለተማሪ፣ ለመምህር፣ አጠቃላይ ነገሩን ለማየት በቂ ነው።

ለአካባቢ ሥራ የሚያገለግለው 1:250,000 ነው። 1 ሴንቲ ሜትሩ 2.5 ኪሎ ሜትር ይይዛል። አንዱ ወረቀት ወደ ሰሜን 1 ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 1 ዲግሪ ተኩል ይሸፍናል፤ በእኛ አካባቢ ወደ 110 በ160 ኪሎ ሜትር ግድም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጣና ሰው የሚናደድበት ነገር አለ። የወረቀቶቹ ድንበር የሚያልፈው በ12 ዲግሪ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ውሃው ላይ ነው! ስለዚህ ሐይቁ ለአራት ይቆረጣል። ባሕር ዳርና ዘጌ በአንዱ፣ ጎርጎራ በሌላው፣ ወረታና ደብረ ታቦር በሦስተኛው፣ አዲስ ዘመን በአራተኛው። የጣናን ዙሪያ ሙሉ ለማየት አራት ወረቀት መግጠም አለባችሁ፣ አራቱም በአንድ ቡድን በአንድ ጊዜ ካልተሠሩ ደግሞ ድንበሩ ላይ ቀለሙ ላይገጥም ይችላል። አንዱ የጨረሰውን ባዛልት ሌላው በሌላ ስም ይጀምረዋል። ተፈጥሮ ያንን መስመር አታውቀውም። ሁለቱን ማብራሪያ መጽሐፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታነቡ ነው የሚፈታው።

ቤት ልሠራ ነው። ቦታዬ ላይ ምን እንዳለ ይነግረኛል?

አይነግርህም፣ ወንድሜ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ስፋቱ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ ነው። 1:250,000 ላይ ይሄ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፣ ነጥብ እንኳ አይሆንም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 125 ሜትር ነው። ስለዚህ «ቦታዬ ከመስመሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ብሎ መጨቃጨቅ ትርጉም የለውም፤ ቦታህ መስመሩ ውስጥ ነው።

በዚያ ላይ ቀጭን አፈር ብዙ ጊዜ አይሣልም። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መሰረት የሚያስለቅሰው አለቱ ሳይሆን ጥቁሩ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አንድ ዘመዴ ካርታውን አይቶ «ባዛልት ላይ ነኝ፣ ጥልቅ መሰረት አያስፈልገኝም» ብሎ ነበር። ሁለት ክረምት አልፎ ከመስኮቱ ሥር ስንጥቅ ወጣ። ካርታው አልዋሸም፣ ባዛልቱ አለ፤ ዘመዴ ቤቱን የተከለው ግን ከላዩ ያለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ለቤት ጉድጓድ አስቆፍራችሁ አፈሩን አስመርምሩ። ካርታው ምን እንደምትጠብቁ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ጣና እንዴት እንደተፈጠረ ካርታው ላይ ይታያል?

ውሃው ውስጥ ካርታው ዝም ይላል፣ ሰማያዊ ነው፣ አለቀ። ታሪኩ ያለው ዙሪያው ላይ ነው።

በዙሪያው በሰፊው የምታዩት አሮጌው ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ ላቫ እየፈሰሰ ደጋውን ሁሉ አለበሰው። ከዚያ በኋላ እንደ ጮቄና ጉና ያሉ ትልልቅ ጋሻ መሳይ እሳተ ገሞራዎች ከላይ ተነሡ፤ መፍቻው ላይ ከአሮጌው ባዛልት በላይ ባለው ሣጥን ፈልጓቸው። ከምሥራቅ በኩል፣ ሩዝ የሚመረትበት የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ ያመጡት ደለል ነው። ከደቡብ፣ ማለትም ከእኛ በኩል፣ ወጣቱ ኳተርናሪ ባዛልት ተዘርግቷል።

የጣና ጎድጓዳ የሦስት ስምጦች መገናኛ ላይ የሰመጠ መሬት ነው ብለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የጎንደር፣ የደብረ ታቦርና የድንግል በር ስምጦች ናቸው። ከዚያ ወጣቱ ባዛልት በዓባይ መውጫ በኩል ፈስሶ እንደ ግድብ ዘጋው። ባጭሩ ባሕር ዳር የተቀመጠችው በግድቡ ላይ ነው። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ የምታዩት ፏፏቴም ዓባይ ያንኑ ባዛልት ሲወርድ ነው። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ፏፏቴው ጋ ስሄድ ከውሃው ይልቅ ድንጋዩን ሳይ የሚስቁብኝ አሉ።

ሌላም አለ። የሐይቁን ወለል በስተው ደለል ያወጡ ተመራማሪዎች ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ እንደነበር፣ ሲመለስም መጀመሪያ የደንገል ረግረግ እንደነበር አግኝተዋል። ታንኳ የምንሠራበት ደንገል! ይሄን ግን በጂኦሎጂ ካርታ ላይ አታገኙትም፣ የሐይቁ ጥልቀት ራሱ 15 ሜትር የማይሞላ ስለሆነ መድረቁ ብዙም አልገረመኝም።

ወርቅ የት እንዳለ ያሳያል?

ይሄን የሚጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የአገራችን ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ጥንታዊው መሠረታዊ አለት በወጣበት ነው፤ ወለጋ፣ ቤኒሻንጉል፣ አዶላ፣ ትግራይ። ጣና ዙሪያ ያ አለት ከሥር በባዛልት ተቀብሯል። ስለዚህ ጓሮአችሁን አትቆፍሩ። ግን አለቱን ማወቅ የማይጠቅም እንዳይመስላችሁ፤ በ2008 በፈረንጆቹ ወሎ ወገልጤና ላይ የታወቀው ኦፓል ያለው እሳተ ገሞራ በተፋው አመዳማ አለት ውስጥ፣ በአንድ ንብርብር ላይ ነው። ጭልጋ ላይ ያለው የድንጋይ ከሰልም በባዛልቶቹ መሐል በተኛ ደለል ውስጥ ነው፤ ከዚያው አካባቢ ደለል ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋቸው የዝሆን ዘመዶች አጥንት ወጥቷል።

የጉድጓድ ውሃስ?

ለእሱ የሃይድሮጂኦሎጂ ካርታ የሚባል ሌላ ወረቀት አለ፣ የራሱ ማብራሪያ ያለው። የጂኦሎጂ ካርታው ግን ፍንጭ ይሰጣል። ወጣቱ ባዛልት ስንጥቅና ዓይን ስላለው ውሃ ያሳልፋል፣ ይይዛልም። ባሕር ዳር ለዓመታት የጠጣችው የአረቄና የሎሚ ምንጮች ውሃ ከዚሁ ባዛልት የሚወጣ ነው። ጥቅጥቅ ያለው አሮጌ ባዛልት ላይ ግን ስንጥቁን ካልመታችሁ ደረቅ ጉድጓድ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚያ ጊዜ ነው።

አንዱ መስመር ሙሉ፣ አንዱ የተቆራረጠ፣ አንዱ ነጠብጣብ የሆነው ለምንድን ነው?

ሙሉው «አይቼዋለሁ» ነው። የተቆራረጠው «ያለ ይመስለኛል» ነው። ነጠብጣቡ «ከአፈር ሥር ተሸፍኖ ያልፋል» ነው። ወፈር ያለው መስመር ፎልት ነው፣ መሬት የተሰበረበት፤ አንዱ ወገን ወርዶ አያትየው ከልጅየው እኩል የሚቆምበት።

ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ ከካርታው ጋር አይገጥምም!

አሮጌዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ፣ ማለትም የቦታው ቁጥር በሚቆጠርበት መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ስልካችሁ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። ልዩነቱ መሬት ላይ ከ100 ሜትር ይበልጣል፣ እኔም መጀመሪያ ጊዜ ከስልኬ ያነበብኩትን ቁጥር ካርታው ላይ ሳስቀምጠው ሐይቁ ውስጥ ገባሁ። ዳር ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ካርታው ጥግ ላይ መነሻው ተጽፏል፣ እሱን አይታችሁ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ መቀየር ነው።

ከየት አገኛለሁ? ፎቶኮፒ ይሆናል?

ዋናው አሳታሚ ቀድሞ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የምንለው፣ አሁን የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የሆነው፣ አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ስላለ ተማሪ ዘመድ ካላችሁ እሱን ጠይቁት። ስትጠይቁ «ካርታውን ከነማብራሪያው» በሉ፣ ካላላችሁ ካርታው ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

ፎቶኮፒውን በተመለከተ እኔ ተቃጥያለሁ። አንድ ቤት ሰጥቼ ስመለስ በጥቁርና ነጭ አውጥተውልኛል። ሁሉም ባዛልት ግራጫ፣ ደለሉም ግራጫ። «ፊደሉ ይነበባል እኮ» አለኝ ልጁ። ከፍዬ ወጣሁ፣ የልጄ ደብተር መሸፈኛ ሆነ። በቴሌግራም የሚላከውም አደጋ አለው፤ ሲያንስ ሲተልቅ 1:250,000 የሚለው ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ከሥር የተሣለችውን ባለ ኪሎ ሜትር ማስመሪያ እመኑ፣ እሷ ከካርታው ጋር አብራ ታንሳለች።

ተማርኩ እንበል። የት ሄጄ ልሞክረው?

ግማሽ ቀን ካላችሁ ጢስ ዓባይ። አንድ ቀን ካላችሁ በእንጅባራ መንገድ፣ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን ዘንገና ሐይቅ እዩ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀያይ ኮረብቶች ሲታዩ ካርታው ላይ ፈልጓቸው።

ትልቁ ትምህርት ቤት ግን የዓባይ በረሃ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ በመስኮት በኩል ተቀመጡ፣ ደጀንን ስታልፉ መፍቻውን ጭናችሁ ላይ ዘርጉ። አውቶቡሱ በወረደ ቁጥር ከላይኛው ሣጥን ወደ ታችኛው ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ይሄ አገር ባሕር በነበረ ጊዜ የተነጠፈ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ፣ ዛሬ ሲሚንቶ የሚሆነው። ከሥሩ ጀሶ ያለበት ወፍራም ንብርብር፣ ከዚያም ድልድዩ አካባቢ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ያው ድርድር ከታች ወደ ላይ ይደገማል፣ ያመለጣችሁን እዚያ ትይዙታላችሁ። የኖራ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ግን «ወራጅ አለ!» እንዳትሉ። እኔ ብዬ ረዳቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲገላምጠኝ ነበር።